ለችግኞቻችን ውሃ ይገምቱልን ስለነበሩት አቶ ቲጃኒ አባዋጂ ዕረፍት

ከሰቃ ዙሪያ ቡና ችግኝ አልሚዎች ማኅበር
ለአባላት፣ ለሠራተኞችና ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ

የማኅበራችን የአየር ሁኔታ መዝጋቢ አቶ ቲጃኒ አባዋጂ ባደረባቸው ሕመም ጅማ ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ እጅግ አዝኗል፤ የሚይዝ የሚጨብጠውንም አጥቷል።

በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ጣቢያችን የነፋስ፣ የእርጥበትና የፀሐይ መለኪያ ነበረው። በ2010 ዓ.ም. ሁሉም ተበላሹ፤ ሰባት ደብዳቤ ጽፈን መልስ አላገኘንም። የቀረው አንድ ቴርሞሜትር ነበር። አቶ ቲጃኒ ከትናንት እስከ ዛሬ ጠዋት ከተመዘገበው ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ብቻ ተነሥተው ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚተነውን ውሃ ያሰሉ ጀመር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለአንድ መደብ ስንት ባልዲ እንደሚበቃ ይነግሩን ነበር። ስሌቱ ለእኛ እርጥብ አየር ውሃ ያበዛል በማለት ጥቂት ችግኞችን ከነአፈራቸው በበርበሬ ሚዛን እየመዘኑ፣ ምን ያህል ውሃ እንዳጡ ከክብደታቸው እያዩ ያርሙት ነበር። አባላት ሲያመሰግኗቸው «ወላሂ፣ እኔም እየገመትኩ ነው» ይሉ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ለቤተዘመድ ሐዘን አጋሮ በሰነበቱበት ጊዜ ሙቀቱን በስልክ እናነብላቸው ነበር። ቴርሞሜትሩን ግን ሌባ እንዳይወስደው ብለን፣ ሳንነግራቸው፣ ፀሐይ በሚያግለው የቢሯችን ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ሰቅለነው ነበር። ውሃው በዝቶ የአሥራ አንድ መደብ ችግኝ ከሥሩ በሰበሰ። እርሳቸው ተመልሰው በስብሰባ ላይ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የት እንደሰቀላችሁት መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ። ማኅበሩ ያን ዕለት ዝም አለ። ዛሬ ያፍርበታል።

በ2016 ዓ.ም. ሁለት ሠራተኛ ይመደብልኝና ስሌቱን ላስተምር ብለው ጠየቁ። ቡናው ከተለቀመ በኋላ እንነጋገራለን አልናቸው፤ አልተነጋገርንም።

ደብተሮቻቸውን አገላብጠናል። በአንድ ወገን ሙቀቱ፣ በሌላው ወገን የባልዲው ብዛት ተጽፏል፤ በመካከሉ ያለው ስሌት የለም። ሙቀቱ አንድ ዓይነት በሆነባቸው ቀናት እንኳ ባልዲው አንዴ አራት፣ አንዴ ሰባት ነው። በግንቦት ለ212 አባላት የሚከፋፈሉ ስልሳ ሺህ ችግኞች መደብ ላይ ናቸው፤ ዝናብም የለም። ስሌቱን ከእርሳቸው የተማረ ሰው ካለ እንዲደርስልን እንለምናለን።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ አሚራ ሸኩር፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን፤ ፈጣሪ ማረፊያቸውን ያማረ ያድርግላቸው።

ዛሬ የካቲት 6 ቀን፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከፍተኛው ሠላሳ አንድ፣ ዝቅተኛው ዘጠኝ ተነቧል። ሠራተኞቻችን ባልዲ ይዘው መደቡ ዳር ቆመዋል፤ የምንነግራቸው ቁጥር የለንም።