ጋሽ ሞላ በመርከቧ ላይ የለም

ማክሰኞ

ነርሷ ስታለቅስ እኔ የስፌት መርፌ የወጋውን ጣቴን እያየሁ ነበር።

«መርከቧ» ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። ያው የጠፈር ድራማ ነው። ያው ኮማንደር፣ ጢሙ ብቻ ሸብቷል። ያው ጠባብ መተላለፊያ፣ ያው የሚንቀጠቀጥ መብራት፣ እጀታው የተሰበረው ኩባያ እንኳ አልቀረም። የመጀመሪያውን ክፍል ያየሁት ከምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ጎን ባለው ስልክ መሙያ ቤት ነው። እኔ ያለሁበት ሶባ የሚባለው ሰፈር መብራት ገና ስላልተመለሰ ሰፈሩ በሙሉ የሚኖረው በዚያ ቤት ሶላር ነው፤ ኢንተርኔትም ያለው እዚያ ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሱዳናዊት ነርስ «እኔም ልይ» ብላ ተጠጋችኝ። የድሮው ሙዚቃ ሲጀምር «ያ ሰላም!» አለችና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ሰው የጻፈውን አስተያየት አነበብኩ። «ልጅነቴን መለሳችሁልኝ» ይላል አንዱ። አንዷ ኩባያውን ስታይ መቆም አቅቷት ተቀምጣ አልቅሳለች። ሌላው ተናዷል፤ የጣላችሁትን አሮጌ ዕቃ አቧራውን አራግፋችሁ መልሳችሁ ሰጣችሁን ይላል። ለሁሉም እውነታቸውን ነው አልኩ። ከዚያ በላይ ምንም አልተሰማኝም። በጦርነቱ ከሸሸሁበት ከኮስቲ ከተመለስኩ ወዲህ እንዲህ ነኝ። የፈረሰ ቤት አያለሁ፣ አልፋለሁ። ሰላም ያለኝን ሰላም እላለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ማታ እትዬ አልማዝ ደወሉ። ካፉሪ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው የሚሠሩት። ጌቶቻቸው ካይሮ ቀርተዋል፤ እሳቸው ከሸሹበት ከሸንዲ ተመልሰው ባዶውን ቪላ ይጠርጋሉ። «ሂሩትዬ፣ አየሽው አይደል? ያላ፣ በይ ንገሪን!» አሉኝ።

መንገሩ የትርሲት ሥራ ነበር። እዚሁ ከተማ አል-ጣኢፍ ሰፈር የምትሠራበት ቤት ማታ ማታ «መርከቧ»ን ያዩ ነበር፤ እሷ ከሶፋው ጀርባ ልብስ እየተኮሰች አብራ ታያለች። በነጋታው ሙሉውን በአማርኛ፣ በድምፅ፣ በስልክ ግሩፓችን ላይ ትልክልናለች። ሁላችንም በየሰው ቤት የምንሠራ ሐበሾች ነበርን። ዕቃ እያጠብን፣ ልብስ እያሰጣን እንሰማታለን። ከመካከላችን በዓይናቸው ያዩት ጥቂቶች ናቸው። እኔም «መርከቧ»ን የማውቃት በጆሮዬ ነው።

ጦርነቱ የጀመረ ሰሞን ትርሲት «ደህና ነኝ፣ አትጨነቁ» የሚል ድምፅ ላከች። ከዚያ በኋላ የለችም። የምንልክላት ሁሉ አይደርሳትም፤ አንዷ የ«ተልኳል» ምልክት ብቻ እንደተንጠለጠለች ትቀራለች።

«መርከቧ መመለሷን ከሰማች ዝም አትልም» ይላሉ እትዬ አልማዝ። «የትም ትሁን ብቅ ትላለች። አንቺ ብቻ ንገሪን፣ ግሩፑ ይሙቅ።»

እሺ አልኩ። እምቢ ለማለትም ጉልበት ይጠይቃል።

ረቡዕ

ነገርኳቸው። ድምፄ የቀበሌ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ይመስላል፤ ራሴ መልሼ ሰምቼ አፈርኩ። መርከቧ ተነሳች፣ ኮማንደሩ ገባ፣ መብራቱ በራ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የአንድ ሰውዬ ፎቶ ጋ ቆሞ እጁን ጫነበት፣ ጉዞ ጀመሩ። በቃ።

መጀመሪያ የመለሰችው ብርቄ ናት። ገዳሪፍ ናት ያለችው፤ ቀልድ ካልተናገረች ያማታል። «እሺ እሱስ ይሁን፣ ጋሽ ሞላ የት አለ?» አለች። ከዚያ ሁሉም ተከተሉ። ጋሽ ሞላስ? ጋሽ ሞላ አልመጣም እንዴ?

ጋሽ ሞላ የመርከቧ መካኒክ ነው። ስሙን ያወጣችለት ትርሲት ናት፤ የፈረንጁን ስም አፏ አልያዘላትም። ግራ እግሩን የሚጎትት፣ ከኮማንደሩ ጋር በጨው የሚጨቃጨቅ፣ ሞተሩ ጎን ሽንኩርት የተከለ ሽማግሌ። የመርከቧን ሐኪም ሲያገባ ሠርጉን ለሦስት ቀን አውርታልናለች። እኛ የወደድነው እሱን እንጂ ኮማንደሩን አይደለም።

«ገና ነው፣ በሚመጣው ክፍል ይሆናል» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ነርሷን ስልክ መሙያው ቤት አገኘኋትና ፎቶው የማን እንደሆነ ጠየቅኳት። ከየት መጣሽ በሚል ዓይን አየችኝ። «መካኒኩ ነዋ! እግሩን የሚጎትተው። በሁለተኛው ዓመት አይደል የሞተው? ወላሂ ያኔ ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር።»

ሐሙስ

የድሮዎቹን ክፍሎች እየዘለልኩ አየሁ። እውነቷን ነው። እሳት ሲነሳ የሞተሩን ክፍል በር ከውስጥ ዘግቶ ይቀራል። ኮማንደሩ በሩን ይደበድባል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው አንድም ቦታ የለም።

ማለት፣ ሽንኩርቱ የለም። የጨው ጭቅጭቁ የለም። ሐኪሟ የምታገባው ሌላ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሰማነው ጋሽ ሞላ በሙሉ ከትርሲት ሆድ የወጣ ነው። ጌቶቿ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ያያሉ፣ እሷ ካውያዋን እየገፋች ሌላ ትሠራለች።

ለምን እንዳደረገችው ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የእትዬ አልማዝ ታናሽ ወንድም በሊቢያ በረሃ የቀረው ያን ሰሞን ነው። ሬሳ የለ፣ ወሬ የለ። እትዬ አልማዝ ምግብ አልቀምስ ብለው የሚሰሙት የትርሲትን ድምፅ ብቻ ነበር። ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቴን በበላችው ነበር። ዛሬ «ጉድ እኮ ነው» አልኩና ወደ ልብስ ስፌቱ ተመለስኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ ገልብጬ ስለሰፋሁ መፍታት ነበረብኝ። አሠሪዬ አልተቆጣም። እሱም የደነዘዘ ነው፤ እዚህ አገር የተመለሰ ሰው ሁሉ ጠባዩ አንድ ዓይነት ሆኗል።

ዓርብ

ውሸት አይሆንልኝም። ግሩፑ ላይ ሙሉውን ተናገርኩ። ጋሽ ሞላ ድሮ ሞቷል፣ ፎቶው የእሱ ነው፣ የቀረውን የጨመረችው ትርሲት ናት አልኩ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር።

ትንሽ ቆይቼ አነሳሁት። ብርቄ «እኔ እኮ ያኔም አውቄ ነበር» አለች። «የእመቤቴ ልጅ ነገረችኝ። ትርሲት ደግሞ በነጋታው ሽንኩርት ሲተክል አመጣችው። ምን ቸገረኝ? የሷ ይሻላል ብዬ ሆዴ ውስጥ አስቀመጥኩት።»

ሌላዋም ታውቅ ነበር። ሌላዋም። ግማሾቹ አውቀው ነው ለሠርጉ እልል ያሉት! እኔ ነኝ እንግዲህ የዋኋ።

እትዬ አልማዝ መጨረሻ ላይ ገቡ። ተቆጥተዋል፤ በእኔ ግን አይደለም። «እንግዲያው አዲሷ መርከብ ናታ ውሸታሟ! ኩባያ ከሰበሰቡ አይቀር ሰው አይሰበስቡም? ጋሽ ሞላ የሌለበትን እኔ አልሰማም። ወላሂ አልሰማም። ወይ አምጪው ወይ ተይው።»

ይህ ሁሉ ዓለም ለፎቶው ሲያለቅስ የኛዎቹ ሰውዬው ራሱ ይምጣ ይላሉ። ትንሽ ፈገግ ያልኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ

አመጣሁት።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ኮማንደሩ ብቻውን ተቀምጦ ስለ ድሮ ዘመን ይተክዛል፤ ረጅምና የሚያሰለች ነው። ነርሷ ወዳዋለች። እኔ እዚያው ላይ ጋሽ ሞላን ከታች አወጣሁት። እጁን በቦላሌው እየጠረገ መጣና «አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ይህን ጢም ተላጭ፤ ዓለምን ማዳን ይደርሳል» አለው። ሐኪሟም ከበስተኋላው ሳትስቅ አልቀረችም አልኩ። ስጀምር «እንግዲህ ስሙኝ» ብዬ ነበር። አጀማመሩ የትርሲት ነው፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ብርቄ እየተንፈቀፈቀች ድምፅ ላከች። ሌሎቹም። አንዷ ምጣዷ ላይ ያለው እንዳረረባት ጻፈች። ግሩፑ ሞቀ። ትርሲት ግን ብቅ አላለችም።

ትንሽ ቆይተው እትዬ አልማዝ ለብቻዬ ላኩልኝ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «ጋሽ ሞላን እንደፈለግሽ አድርጊው፣ ጎሽ። ስለ ትርሲት ግን እንዲህ አታድርጊብኝ። ይመጣል፣ በሚቀጥለው ነው እያልሽ አታቆይኝ። በወንድሜ ጊዜ እንዲህ አድርገውኛል። ለመሆኑ አል-ጣኢፍ ሄደሽ ቤቱን አይተሻል?»

አላየሁም። ብርዱ ሳይወጣ ነው የተመለስኩት፤ አሁን ሙቀቱ ገብቷል። መዋሰላት የለም፣ መጓጓዣ አይገኝም እላለሁ። ሥራ በዛ እላለሁ። መንገዱ ላይ ወታደሮች ያስቆማሉ እላለሁ። ሰው ሁሉ በሃይስ ሚኒባስ እየተጫነ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እኔ ካልሄድኩ ግን ትርሲት ምንም አልሆነችም። ከሄድኩ የሆነ ነገር ትሆናለች። እውነቱ ይህ ነው።

«እሄዳለሁ» ብዬ መለስኩላቸው።

እሑድ

አልሄድኩም። ልብስ አጠብኩ።

ሰኞ

ሄድኩ።

ትርሲት ድሮ በነገረችን ምልክት ቤቱን አገኘሁት። በሩ የለም። መስኮቱም የለም። ዘራፊዎች ለመብራት ሽቦው ብለው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀውታል። ሳሎኑ ውስጥ ገብቼ ሶፋው የነበረበትን ለማወቅ ሞከርኩ፤ አላወቅሁም፤ ለካ ይህን ቤት በዓይኔ አይቼው አላውቅም። «ትርሲት» ብዬ ተጣራሁ። ለምን እንደተጣራሁ እንጃ።

ጎረቤት ያሉ አሮጊት ሐጃ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። ዘራፊ መስዬያቸው ነበር። ሐበሻዋን ፈልጌ መጣሁ ስላቸው መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ትርሲትን? እህቷ ነሽ?»

«እህቷ ነኝ» አልኩ። ይህን ውሸት አልለውም።

ቁጭ በይ ብለው ውኃ ሰጡኝና ነገሩኝ። ጌቶቿ በመጀመሪያው ሳምንት በመኪና ወጡ፤ ለእሷ ቦታ አልነበረም። ሐጃ ወደ ቤታቸው አስገቧት። አብረው ሰነበቱ። የታጠቁት ሰዎች ገብተው የሁሉንም ስልክ ወሰዱ፤ የእሷንም። ተኩሱ ሲብስ የሐጃ ዘመድ ወደ መደኒ ከተማ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘ። ሐጃን ጉልበታቸው እምቢ አላቸው፣ ቀሩ። ትርሲት ተሳፈረች።

«በዓይንሽ አየሻት ስትሳፈር?» ዐረብኛው አንቱ የለውም፤ እንዲያ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ነኝ እቃዋን ያቀበልኳት። ቆማ ነበር የሄደችው፣ መቀመጫ አልነበረም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አላህ ነው የሚያውቀው፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ።»

ሃይሱ ውስጥ ሆኜ ለግሩፑ ድምፅ ቀዳሁ። ሰዉ ሲገፋኝ ሁለቴ ተቋረጠብኝ። አፌ ላይ የመጣው ብዙ ነበር። መኪናው ላይ ሆና እጇን አወዛወዘች ልል ነበር፤ መደኒ ያያት ሰው አለ ልል ነበር፤ ማን ይጠይቀኛል? ሐጃ ያሉትን ብቻ ተናገርኩ። ስልኳን ወሰዱባት፣ በእግሯ ቆማ ተሳፈረች፣ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም። አንድ ቃል አልጨመርኩም።

እትዬ አልማዝ ወዲያው ደወሉ። «ስትሳፈር በዓይናቸው አይተዋታል?» አሉ።

«አዎ፣ በዓይናቸው።»

«ተመስገን» አሉ፣ «ይህን ያህል እንኳ ለወንድሜ አላገኘሁም።» ብርቄ መደኒ የሚመላለሱ ሾፌሮች አውቃለሁ፣ ዛሬውኑ አስጠይቃለሁ ብላለች። አልቀለደችም።

አሁን ቤት ነኝ። ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። መደኒስ በሰላም ደርሳ ይሆን? ጦርነቱ እዚያም ሲደርስ የት ገባች? ያን ክረምት ማን አስጠጋት? ወባ ቶሎ ነው የሚይዛት። እስከ ዛሬ ከእነዚህ አንዱንም ጠይቄ አላውቅም፤ ዛሬ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ፤ ፈርቻለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ሰው ስፈራ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገ አሠሪዬን ፈቃድ እጠይቃለሁ። የመደኒ መኪና ከየት እንደሚነሳም አጣራለሁ።