ስለ ዘጠኙ ቂራት እርማት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የአውራጃችን የመሬት ልኬትና የኮምፒዩተር ካርታ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ አላህ ጤናዎን ያብዛልኝ፣ ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልኝ፣ ወንበርዎንም ያጽናልኝ፤ እህት ካለችዎ ደግሞ በእርስዎና በእሷ መካከል ኮምፒዩተር አያስገባብዎ። እኔ እዚህ ላይኛው ግብፅ፣ ነጅዕ አስሰንጥ መንደር፣ ከሸንኮራ አገዳዬና ከዳክዬዎቼ ጋር ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ለክቡርነትዎ ሐሰት መጻፍ ነውር ስለሆነ ደህና አይደለሁም።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። በግል የጻፍኩልዎ ደብዳቤዎች ሁሉ መልስ ሳያገኙ ስለቀሩ፣ ምናልባት ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ያነቡ እንደሆነ ብዬ ነው።

በቅድሚያ ባለፈው ሳምንት ስለደረሰኝ የእርማት ወረቀት ከልብ አመሰግናለሁ። «በአሃድ ልወጣ ወቅት የተፈጠረው የቴክኒክ ስህተት ታርሟል፤ ስላሳዩት ትዕግሥት እናመሰግናለን» ይላል። ትዕግሥቴን ከሩቅ ሆናችሁ እንዴት እንዳያችሁት ባላውቅም ምስጋናውን ተቀብያለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ባለጌዎች በመንደራችን አልጠፉም፤ እኔ ግን ከእነሱ ጋር አይደለሁም።

ነገርን ከሥሩ ነውና፣ ጋዜጣውን ለሚያነቡ የከተማ ሰዎች ስል ከመጀመሪያው ልጀምር። አባታችን ሲሞት ለሁለት ልጆቹ፣ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለሸሓታ፣ ሦስት ፈዳን ከአሥራ ስምንት ቂራት መሬት ተወልን። እኛ ዘንድ አንዱ ፈዳን ሃያ አራት ቂራት ነው። ለሚስት ስምንተኛውን፣ ለእናት ስድስተኛውን፣ ለሴት ልጅ የወንዱን ግማሽ ስታካፍል ፍርፋሪ የማያስተርፍ ቁጥር ስለሆነ አያቶቻችን ወደውት ኖረዋል። በሕጉ መሠረት ለሸሓታ ሁለት ፈዳን ከአሥራ ሁለት ቂራት፣ ለእኔ ለሴቷ አንድ ፈዳን ከስድስት ቂራት ደረሰን። ሽማግሌዎች ቀሰባ የምንለውን ረጅሙን የመለኪያ ዘንግ ይዘው ከቦዩ እስከ መንገዱ ለኩ፣ ወሰኑ ላይ ብረት ተከሉ፣ ዳቦና አይብ በልተው መርቀውን ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያንን ብረት ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። እኔ ፍየል አስርበት ነበር።

ኮምፒዩተራችሁ የመጣው ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ነው። ቅሬታ የሚለውን ቃል ስለማልደፍረው፣ ያደረጋችሁልንን ውለታ በተራ ልቁጠር።

አንደኛ፦ ኮምፒዩተራችሁ ለመሬት ስፋት የሰጠው ሣጥን አንድ ብቻ ነበርና ጸሐፊያችሁ የሸሓታን ሁለት ፈዳን ከአሥራ ሁለት ቂራት 2.12 ብሎ፣ የእኔን አንድ ፈዳን ከስድስት ቂራት ደግሞ 1.6 ብሎ አስገባ። በሃያ አራት መቁጠር ያልተማረ ማሽን ምን ያድርግ? አሥራ ሁለቱን ቂራት ከመቶ አሥራ ሁለት፣ ስድስቱን ደግሞ ከአሥር ስድስት አድርጎ አነበበው። ሁለት ፈዳን ተኩል የነበረው ወንድሜ በአንድ ጠቅታ ዘጠኝ ቂራት ሲያጣ፣ እኔ ስምንት ቂራት አተረፍኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ፍግ ተሸክሜ መሬት እንደዚያ ሲያድግ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፦ ስህተቱን እንዳለ ብትልኩልን ኖሮ ምንም ባልሆንን። 2.12 የሚል ወረቀት ቢመጣ የትኛውም ገበሬ ሁለት ፈዳን ከአሥራ ሁለት ብሎ ያነበውና ሻዩን ይጠጣ ነበር። እናንተ ግን እንድንሠለጥን አስባችሁ ወደ ሄክታር ለወጣችሁት። ለሸሓታ 0.8906፣ ለእኔ 0.6721 የሚል መጣ። ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ! እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሳሳት በዘመኔ አላየሁም። በመንደራችን ሄክታር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረምና ሸሓታ ከወረቀቶቹ ያነበበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእህቱን እጥፍ መያዝ ሲገባው የእሷን አንድ ተኩል እንኳ እንዳልያዘ።

ሦስተኛ፦ ወንድሜ ቢሯችሁ ድረስ ቢመጣ፣ በመስኮቱ ያለው ሰውዬ ሁለቱን ቁጥሮች ደመራቸውና ከአባታችን መሬት ጋር ሊተካከሉ ጥቂት ብቻ እንደቀራቸው አየ። እናንተ ዘንድ ስህተት ሲበዛ እርስ በርሱ ይሸፋፈናል መሰለኝ። «ያባታችሁ መሬት ሙሉ ነው ወንድም፤ ያንተ የጎደለው እህትህ ጋ ነው ያለው። ሂድና እሷን ጠይቃት» አለው።

መጥቶ ጠየቀኝ። ዳክዬዎቼን እያበላሁ ነበር፤ የቦዩን ድልድይ ተሻግሮ ፊቴ ቆመና «እትዬ፣ አፈሩ ጣፈጠሽ?» አለኝ። ሸሓታ ቀልደኛ ስለነበር የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ይቆጨኛል።

አራተኛ፦ መሬቱ በቀሰባ ይለካልን ብዬ ለመለመን እኔም ወደ ቢሯችሁ መጥቼ ነበር። ሰውዬው ክፋት የለበትም፤ ማሽኑ ውስጥ ያሉትን መለኪያዎች አንድ በአንድ አሳየኝ። ሜትር አለ፣ ጫማ አለ፣ ያርድ አለ፣ የባሕር ማይል ሳይቀር አለ። ፈዳንም በስንት ልመና ከታች ገብቷል። ቂራትና ቀሰባ ግን የሉም። «ሐጃ፣ እዚህ የሌለ ነገር እኛ ጋ ተቀባይነት የለውም» አለኝ። ነጅዕ አስሰንጥ አንድ ቀን ባሕር ቢመጣባት ተዘጋጅታችሁ መጠበቃችሁን ለመንደርተኛው ነግሬ አጽናንቻለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ይቅርታዎን።

ካገባሁበት ቀን ጀምሮ ሸሓታ በየኢዱ ስኳርና ጥንድ እርግብ ይዞ ቤቴ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም ነበር። በአገራችን በኢድ ቀን ወንድሟ ያልመጣላት ሴት ጀርባ የላትም፤ ጎረቤት በር በሯን ያያል። ያን ዓመት አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ዘጠኙን ቂራት ውሰድ፣ ከፈለግህም ሁሉንም ውሰድ ብዬ ላክሁበት። «መሬት አላነሰኝም። ወሰድኩ ትበለኝ፣ በቃ። ሰው ለዘመዱ ይዋሻል፤ ማሽን እህት የለው፣ ለማን ብሎ ይዋሻል?» የሚል መልስ መጣልኝ። ያልወሰድኩትን ወሰድኩ ማለት አቃተኝ። ሁለታችንም የአንድ አባት ልጆች ነን፤ ግትርነቱን ያካፈለን ያለ ቀሰባ ነው።

ከዚያ ጉበቱ ታመመ። ሚስቱ ተፊዳ አንድ ቀን እያለከለከች መጥታ «እትዬ ኢንሻራህ፣ እየሄደብን ነው። አንዲት ቃል ነው የሚጠብቀው፤ እባክሽ» አለችኝ። ነጠላ ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላጠልቅ ሮጥኩ። ዐይኑ ቢጫ ሆኗል፣ እጁ ቀሏል። አጠገቡ ተቀመጥኩና «ወስጃለሁ ሸሓታ። ብረቱን ነቅዬ ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ» አልኩት።

እንደ ሕፃን አለቀሰ። «አውቅ ነበር እኮ እትዬ። ይቅር ብዬሻለሁ፤ አላህም ይቅር ይበልሽ። ምነው ይህን ያህል አስጠበቅሽኝ?» አለኝ። ከእጄ ቴምር ጎረሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ብዙም አልቆየም፤ ሲሞት ራሱ ጭኔ ላይ ነበር።

አምስተኛ፦ እንግዲህ ወረቀታችሁ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለእኔ አንድ ፈዳን ከሩብ፣ ለሟቹ ሁለት ፈዳን ተኩል፣ ሁሉም በቦታው። ስሜን በመላው መንደር ፊት አጥባችሁልኛል፤ ውለታችሁ አለብኝ። ተፊዳ ወረቀቱን ካስነበበች በኋላ «ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሽው?» አለችኝ። ስሜ ሲነጻ ማየት የነበረበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ እህቱን ሌባ ናት ብሎ አምኖ፣ አምኖም ይቅር ብሏት ሄዷል። ያላጠፋሁትን ጥፋት ይቅር የተባልኩ ሴት ነኝ። ይቅርታውን እንዳልመልሰው ባለቤቱ የለም፤ እንዳልይዘው የእኔ አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ ቁጥር ማረም እንደምትችሉ አይቻለሁና እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ለወንድሜ በመጨረሻ የነገርኩትን ውሸት የሚያርመው መስኮት ቁጥር ስንት ነው? ወረፋው ቢረዝምም ግድ የለኝም፤ በጠዋት ተነሥቼ እመጣለሁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ መስፋፋትን፣ ለማሽናችሁ ረጅም ዕድሜን፣ ለክቡርነትዎ ደግሞ ሙሉ እንቅልፍን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳዎት፣

ኢንሻራህ ዐብዱልመውጁድ
የአንድ ፈዳን ከስድስት ቂራት ባለይዞታ፣ በእናንተ አቆጣጠር የ0.5251 ሄክታር
ነጅዕ አስሰንጥ፣ ላይኛው ግብፅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የእርማት ወረቀቱ የሚጸናው ሁለቱም ባለይዞታዎች በአካል ቀርበው ሲፈርሙ ነው፣ ያልቀረበም ከእርማቱ በፊት በነበረው የማሽኑ ልኬት እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል። እኔ እመጣለሁ። ሸሓታ ግን መውጣት ስለማይችል እናንተ ብትሄዱለት ይሻላል፤ መቃብሩ ከዋናው መንገድ ዳር ነው፣ መኪና ይገባል። እስክሪብቶ ብቻ እንዳትረሱ።