በካፖርቴ ጎን የተዉልኝ ትርፍ ጨርቅ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ዓይንዎ አሁንም የመርፌ ቀዳዳ ያገኛል ወይስ እማማን «ነይ ክር አግቢልኝ» ማለት ጀመሩ? የስፌት መኪናዎስ፣ ደንበኞችዎስ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

እማማ በስልክ ሁሉን ነግራኛለች፤ አይቆጧት። «ይህ ነው የሚያስለኝ» ብለው የደም ግፊት ክኒኑን ከተዉ ሰንብተዋል አሉ። ሳሉ ሲነሣብዎት እጅዎ እየተናጠ የጠመኔው መስመር ይወላገዳል፤ «ሰው በተጣመመ ሱሪ አይዳርም» ብለው ክኒኑን ከአዝራሮቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ጉዱ ምን መሰለዎት፣ እኔ ውዬ የማድርበት የቤተ ሙከራ ሥራ ከእርስዎ ጋር የተጣላው ክኒን የሚይዘውን ኢንዛይም ማጥናት ነው። መቀስ ነው ይበሉት። አንድ እግሩን በደም ሥርዎ ውስጠኛ ግድግዳ፣ በሴሉ ስስ ሽፋን ላይ ተክሎ፣ የቀረው አካሉ ደሙ ወደሚያልፍበት ወጥቶ ይቆማል። አካሉ ሁለት ተመሳሳይ ክፍል አለው፤ በየክፍሉ መሃል ጠባብ ስንጥቅ፣ በስንጥቁ ውስጥ አንዲት የዚንክ ቅንጣት አለች። ስለቱ እሷ ናት፤ ከሌለች መቀሱ ዶልዱሟል። በደሙ የምታልፍ አንዲት ትንሽ ፕሮቲን እዚያ ስትገባ ጫፏን ይቆርጣታል፤ የተቆረጠችው ሄዳ ደም ሥርን ታጠብባለች፣ ግፊቱም ይጨምራል። ክኒኑ ስንጥቁ ውስጥ ተሸጉጦ መቀሱን ሥራ ያስፈታዋል።

ሳሉን እኔ የጨርቅ ብናኝ ያመጣው ነው ብዬ ነበር። ለካ ይኸው መቀስ ሌላም ነገር ይቆርጣል፤ ክኒኑ መቀሱን ሥራ ሲያስፈታው ያ ነገር ሳይቆረጥ ይጠራቀምና ጉሮሮ ይኮረኩራል። ስለዚህ ጥርጣሬዎ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ክኒኑን በራስዎ መተውዎ ግን ልክ አይደለም። ሐኪሙ ዘንድ ሄደው «ያስለኛል» ይበሉት። መቀሱን ሳይነካ፣ የተቆረጠችው ፕሮቲን ደም ሥርን እንዳታጠብብ የሚከለክል ሌላ መድኃኒት አለ። ለሐኪም ቅሬታ መናገር እንደሚያፍሩ አውቃለሁ። ደንበኛ «ጠበበኝ» ሲልዎት ይቆጣሉ እንዴ? አስተካክለው ይሰጡታል እንጂ።

እዚህ ሥራው ደጋግሞ ይበላሽብናል። አለቃዬ «ይህን ትዕግሥት ከማን ወሰድሽው?» ሲለኝ «ከልብስ ሰፊ» እላለሁ። የተበላሸ ስፌት ሳይናደዱ መፍታትን እያሳዩ ስላሳደጉኝ አመሰግንዎታለሁ፣ አባባ።

ስሸኝ የሰፉልኝን ካፖርት ያስታውሱታል? «ሰው አገር ወፍረሽ ብትገኚስ» ብለው በጎኑ ትርፍ ጨርቅ ትተውበት ነበር። ይኸው ወፈርኩ! አዝራሩ አልገጥም ብሏል። ከቤቴ በታች ያለው ልብስ ሰፊ እጥፉን ገልብጦ አይቶ «የሠራው ሰው አዋቂ ነው፤ ትርፉን ልልቀቅልሽ» አለኝ። እምቢ አልኩት።

እማማን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ሆዱ ወፍጮ የሆነውን ወንድሜን ለእርስዎም ምግብ እንዲያስተርፍ ይንገሩልኝ። ጎረቤታችንን እትዬን፣ የስፌት መኪናዎን ዘይት የሚቀባልዎትን አጎቴንም ሰላም ይበሉልኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ካፖርቱን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ በብርዱ አዝራሩን ከፍቼ እሄዳለሁ፤ ያንን ስፌት ከእርስዎ እጅ በቀር ማንም እንዲፈታው አልፈልግም።

የወፈረችው ልጅዎ
ከአራተኛው ፎቅ ክፍሌ፣ ጥር 9 ቀን