ከሮአን ተራራ አይደለችም

በርንስቪል፣ ሰሜን ካሮላይና
ማርች 9 ቀን 2019

የምወድሽ ልጄ ዴልያ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የስኮትላንድ ዝናብስ አላቆመም? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል አባትሽን ማለቴ ነው፤ እኔማ ከሐሙስ ጀምሮ ጨውና ስኳር እየተምታታብኝ ነው። በኢሜይል ያልጻፍኩልሽ አባትሽ የእኔንም መልእክት ስለሚከፍት ነው።

ሐሙስ ጠዋት የበቆሎ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ከትቼ ሳለሁ አባትሽ ከምድር ቤት ጮኸ። ልቡ ቆመ ብዬ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

«ኦፓል! ልጅሽ የጻፈችውን ስሚ!»

«ወይኔ ጌታዬ! ገደልከኝ እኮ!»

«ኋላ ትሞቻለሽ፤ መጀመሪያ ስሚ!»

አነበበልኝ። እሱ በ1979 ከሮአን ተራራ አፈር አግኝቶ ስም ያወጣላት፣ ራሷ ሐምራዊ የሆነችው የአፈር አሜባ ሙሉ ዘረመሏ በቤተ ሙከራችሁ ተነቧል። ሰው ሁሉ በመልኳ ከሐምራዊዎቹ ጋር ሲመድባት ኖሯል፤ እሷ ግን እንዲህ ያሉ አሜባዎች ከሚመደቡባቸው አራት ትልልቅ ወገኖች ከአንዱም አይደለችም፣ እነሱ ሳይለያዩ በፊት ተገንጥላ የቀረች አምስተኛ ወገን ናት ብለሻል። ወገኑ በአባትሽ ስም እንዲጠራ አስባችኋል። ኤፕሪል ላይም ሌሎች ዘመዶቿን ፍለጋ ሮአን ተራራን ልትቆፍሩ ትመጣላችሁ።

አባትሽ አለቀሰ። ልቡን ከታከመ ወዲህ ከወንበሩ የማይነሳው ሰውዬ ብድግ ብሎ ለጎረቤታችን ለቨርሊን ደውሎ፣ «ጭቃ ቆፋሪ ስትለኝ አልነበር? በል አሁን ባርኔጣህን አውልቅ!» አለው። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ዳቦው ከሰል ሆነ።

ዴልያ፣ ያቺ አሜባ ከሮአን ተራራ አይደለችም።

በ1986 የበረዶው ወራት አንቺ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። አባትሽ ለስብሰባ ጃፓን ሄዷል። በረዶው የመብራት ሽቦውን በጥሶት ዘጠኝ ቀን ጨለማ ውስጥ ሰነበትን። የነበረችኝን ማገዶ አንቺ በተኛሽበት ክፍል አነደድኩ፤ ምድር ቤት ያሉት አሜባዎቹን የምናሳድግባቸው ሳህኖች ቀዝቅዘው ድንጋይ ሆኑ። ሲቀልጡ ባክቴሪያ መግቤ ጠበቅሁ፤ አንዲትም አልተነሳችም። ለሌላ ቤተ ሙከራ አንድ ብልቃጥ እንስጥ ስለው «ይሰርቁኛል» ይል ስለነበር መጠባበቂያ የሚባል ነገር አልነበረንም።

ፈራሁ። አባትሽ በሥራው ሲመጡበት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ከአባቴ መሬት፣ ከምንጩ በላይ ካለው የሜፕል ዛፍ ሥር አንድ ማንኪያ አፈር አምጥቼ ሳህን ላይ በተንኩት። በአምስተኛው ቀን በአፈሩ ውስጥ የነበሩት አሜባዎች ምግባቸውን ጨርሰው፣ ሲርባቸው እንደሚያደርጉት አንድ ላይ ተሰብስበው እንደ ትንሽ እንጉዳይ ያለ አገዳ አቆሙ፤ አናቱ ሐምራዊ! ቅርንጫፉ እንደሞተችው ያው፣ ቁመቱ ያው። በማይክሮስኮፕ አሥር ጊዜ አየኋት። አባትሽም ሲመለስ አይቷት፣ «አደራዬን ጠበቅሽ፣ አንቺ ጎበዝ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት በየሳምንቱ ወደ አዲስ ሳህን ያዛወርኩት እሷን ነው። ለአንቺ የላክንልሽም እሷን ነው።

እኔ እኮ መልካቸው አንድ ከሆነ ዘመዳሞች ናቸው፣ ማንንም አልጎዳሁም ብዬ ነበር። ከአባቴ መሬት በማንኪያ ያነሳኋት ነገር ማንም የማያውቃት ሆና ትገኛለች ብዬ በምን ልጠርጥር? ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

ስለዚህ ሮአን ተራራ ላይ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። ከምንጩ በላይ፣ አጥሩ ከሚታጠፍበት ሰባት እርምጃ ያህል ወደ ሜፕሉ ሄዳችሁ ቆፍሩ።

ለአባትሽ ዛሬ ከምሳ በኋላ እነግረዋለሁ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማ። ይጮህብኛል፤ ይጩህ። 

አንድ ነገር ቀረኝ። በጽሑፎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ «ባለቤቴን ስለ ትዕግሥቷ አመሰግናለሁ» ይላል። ትናንት ለአንቺ ስጽፍ፣ የአባትሽን ስም እንዳለ ተዪው፣ እኔ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ቀደድኩት። ይሄ ሁለተኛው ነው። በሰባ ስድስት ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር ያምረኛል ብዬ አላሰብኩም፤ አፍራለሁ፣ ግን አምሮኛል።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክልኝ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፣ በሰላም አምጥቶ ያገናኘን። ስሙን ስታወጪላት ከታች እንዳለው፣ ከማግባቴ በፊት በነበረኝ በአባቴ ቤት ስም አድርገሽ ጻፊው፤ የአባትሽን የቤተሰብ ስም እንዳትጨምሪበት።

እናትሽ፣
ኦፓል ፕሬስኔል