ያላስያዝኩህ መርፌ

የማስተዋል አባት፣

ያለህበት ሰላም ይሁንልህ። ከተለየኸኝ ስድስት ክረምት አለፈ። ስንቴ ወረቀት አውጥቼ ሳልጽፍበት መልሼ አስቀምጫለሁ። ዛሬ ግን ከእኔ አፍ ልትሰማው የሚገባ ነገር አለ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ከጓሮ የተከልከውን የዲከረንስ ዛፍ ቆርጠን ለከሰል ሸጥነው፤ እንደገና የተከልነው አሁን ከጣሪያው በልጧል። ፈረስህን ወንድምህ ወሰደው። ገበያ ሲወርዱ በደጃችን በኩል ባለፉ ቁጥር አንገቱን ወደ ግቢው ያዞራል። ወንድምህም "ና ወዲህ፣ እዚያ ማን አለህ?" እያለ ይጎትተዋል። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ፤ ወጥቼ ግን አላውቅም።

ልጅህ ማስተዋል እዚሁ እንጅባራ ነርስ ሆናለች፤ ቅዳሜና እሑድ ባሕር ዳር እየተመላለሰች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። መርፌ ወግታ ብቻ የምትመለስ እንዳይመስልህ። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞችን ክትትል የምትመራው፣ ሌሎቹን ነርሶች የምታሠለጥነው እሷ ናት።

በጥር ወር ለሕመምተኞች የምታስተምርበትን ጽሑፍ ይዛልኝ መጣች። "እማ፣ አማርኛውን እዪልኝ። የእኔን የትምህርት ቤት አማርኛ ሰው አይረዳውም" አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ።

ጽሑፉ ራስን ስለ መንከባከብ ነው። ሰው ሁሉ ራሱን የመንከባከብ አቅም አለው ይላል፤ ሕመም ሲመጣ ያ አቅም ይጎድላል። ነርሷ የምትገባው በጎደለው ልክ ብቻ ነው። ምንም ለማይችለው ሁሉን ታደርግለታለች፤ ግማሹን ለሚችለው ቀሪውን ታግዘዋለች፤ ማድረግ እየቻለ ላላወቀው ደግሞ ታስተምረዋለች። ከልኩ ካለፈች ግን የነበረውንም አቅም ትወስድበታለች። ይህችን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከሥሯ ምሳሌ ነበር፦ "አባቴ መድኃኒቱ በእጁ እያለ ራሱን ለመውጋት እምቢ በማለቱ ሞተ።"

ያንን ዐረፍተ ነገር ለልጅህ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ውሸት ነው።

ስኳር አለብህ የተባልክ ዕለት ነርሷ ሁለታችንም መርፌውን እንድንለማመድ ጠይቃን ነበር። እኔ "እኔ እያለሁ እሱ ምን ቸገረው?" አልኳት። ከኋላችን የተሰለፈውን ሰው አይታ ተወችን። ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ በሞላሁት እንስራ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ጠዋትና ማታ እስክመጣልህ ጋቢህን ገልጠህ ትጠብቀኛለህ። አንድ ጠዋት እጅህን ዘርግተህ "እስቲ ስጪኝ፤ እስከየት ነው የምትሞዪው?" አልከኝ። "ቁጥር ሳታውቅ?" ብዬ ሳቅሁብህ። አንተም ሳቅህ። ዳግመኛ ግን አልጠየቅኸኝም።

ለምን እንደከለከልኩህ አሁን አውቀዋለሁ። ፊደል የለየሁት ማስተዋል ስታጠና በትከሻዋ በኩል እያየሁ ነው። አንተ መሬቱን ታውቃለህ፣ ከብቱን ታውቃለህ፣ ሽምግልና ተቀምጠህ በአማርኛም በአገውኛም ትከራከራለህ። በዚያች መርፌ ላይ ያሉትን ቁጥሮች የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። በቀን ሁለት ጊዜ አንተ እኔን ትጠብቃለህ። ደስ ይለኝ ነበር። ፍቅር ነው እል ነበር፤ ፍቅርም ነበረበት።

ማስተዋል ለትምህርት ርቃ ሳለች፣ ግምጃ ቤት ከተማ የሚኖረው ወንድሜ የሞተ ጊዜ "አድሬ እመለሳለሁ" ብዬህ ሄድኩ። በማግስቱ ልነሣ ስል ዘመዶቼ "የገዛ ወንድምሽ ሠልስት ሳይወጣ?" አሉኝ። ልቤ አንተ ጋ ነበር፤ ስደውል ኔትወርክ የለም። ባሌ መርፌ አይችልም፣ እኔ ካልሄድኩ ይሞታል ማለት አቃተኝ። የሰው አፍ ፈራሁና ቀረሁ።

በአራተኛው ቀን ስገባ መደቡ ላይ ተጋድመህ ከሩቅ እንደሮጠ ሰው በረጅሙ ትተነፍሳለህ። ስጠራህ አልመለስክልኝም። ከትራስህ አጠገብ መርፌው ተቀምጧል፤ ክዳኑ ተነሥቶ፣ እስከ አፉ ተሞልቶ። አልተወጋህበትም። ሰው ከመጥራቴ በፊት መድኃኒቱን አፈሰስኩና መርፌውን ሽንት ቤት ጣልኩት። ሐኪሙ "ለምን አልተወጋም?" ሲለኝ "እምቢ ብሎ ነው" አልኩ። በማግስቱ ከቀትር በፊት አረፍክ። ለቅሶ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ደገምኩለት። ሰውም "አይ እልኸኛ!" እያለ አለቀሰልህ።

ጽሑፉን አማርኛውን ብቻ አርሜ መለስኩላት። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ሳልነግራት ትሄዳለች። ባለፈው ወር "ረቡዕ ትምህርቱ ላይ ነይና የአባዬን ነገር ለሕመምተኞቹ ንገሪያቸው፤ ካንቺ ቢሰሙት ይሻላል" አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁና ሄድኩ።

ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ማስተዋል ከአዲስ ቅዳም ለመጣ አንድ ጎልማሳ መርፌ ሰጠችው። ሚስቱ ብድግ ብላ ነጠቀችው።

"ኧረ ተይው እቴ! ይሄ በሬ ሲጥል የሚውል ሰውዬ መርፌ ሲያይ እንደ ጥጃ ነው የሚደነብረው።"

ሰው ሳቀ። ሰውየው "አንቺ ሴትዮ፣ አንዴ እንኳ ልሞክረው" አላት።

"እኔ እያለሁ አንተ ምን ቸገረህ?"

ማስተዋል ወደ እኔ ዞረች። "እማ፣ አባቴ እምቢ ብሎ ምን እንደሆነ ንገሪያት።"

ቆምኩ። "እምቢ አላለም" አልኩ። "ስጪኝ ብሎኝ ነበር። የከለከልኩት እኔ ነኝ።" ሠልስቱንም፣ የተሞላውን መርፌም፣ የጣልኩበትንም ተናገርኩ። ልጄን እያየሁ መናገር ስላልቻልኩ ሴትየዋን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

ሴትየዋ መርፌውን ለባሏ መለሰችለት። ማስተዋል "እንቀጥል" አለች። መስመሩን በጣቷ እያሳየች አስሞላችው፤ ራሱን ወጋ። እስከ መጨረሻው አስተማረች፤ እኔን ግን አላየችኝም። ብቻዬን በባጃጅ ተመለስኩ።

ዐሥራ አንድ ቀን አልመጣችም፤ ስልክም አታነሣልኝም። አንተን ቀብሬ፣ ልጄንም ላጣት ነው ብዬ እህል አልወርድ አለኝ።

ትናንት ከሥራ ስትወጣ መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠችና እንደ ሐኪም ትጠይቀኝ ጀመር። መርፌው እስከየት ተሞልቶ ነበር? ልኩ ስንት ነበር? ቁጥሩን ማንበብ ጨርሶ አይችልም ነበር? አንድም ሳልደብቅ መለስኩላት። ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አባዬ ፈርቶ አይደለም የተወው" አለች። "ያን ሁሉ ቢወጋው ኖሮ እዚያው ይገድለው ነበር። የማያውቀውን ልክ ወደ ሰውነቱ አላስገባም። እማ፣ ራሱን እየጠበቀ ነበር።" ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ግን ልይዛት አልደፈርኩም። ስትወጣ "አንቺን ይቅር ለማለት ገና ነኝ፣ እማ። ጊዜ ስጪኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ስድስት ዓመት ሙሉ በእልኸኛ ስም አስቀብሬህ ኖርኩ። ዛሬ ጠዋት ወንድምህ በደጅ ሲያልፍ ወጣሁና አስቁሜ ነገርኩት። ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ነገ ለእድርተኞቹ እነግራለሁ፤ ከዚያም በለቅሶህ ላይ ለነበሩት ለአንዳንዳቸው። ልጃችን ይቅር ብትለኝም ባትለኝም፣ ስምህን በጠሩ ቁጥር መርፌውን ልያዝ ብለህ እንደጠየቅህ፣ ብቻህን ሆነህ እንደሞከርህ፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን ጠንቃቃ ሰው እንደነበርክ እናገራለሁ። እንዲህ ነው የማስታውስህ።

ባለቤትህ