ከግሩፑ ስላስወጡኝ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ለወላጆችና ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳዳሪ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? አውራ ጣትዎስ እንደምን አለች? መልእክት ስትሰርዝ የዋለች ጣት ትደክማለችና ከልብ አስቤላታለሁ።

እኔ ባለፈው ወር በአስም ያረፈችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ታናሽ ወንድም ነኝ። ትናንት ስላወጡት «የኦንላይን ጨዋነት ደንብ» እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የሐዘን መግለጫው ግሩፑ ላይ በወጣ ዕለት «እውነቱ ይነገር» የሚል ስም ያወጣ ሰው ከሥሩ «አስም አይደለም፣ ፈተና ፈርታ መድኃኒት ጠጥታ ነው» ብሎ ጻፈ። አንዱ «ኧረ በደንብ ንገረን!» አለው፤ ሌላዋ የሳቅ ምልክት ደረደረችለት። እርስዎ ይህን ሁሉ አይተው ዝም በማለትዎ ትዕግሥትዎን አደነቅኩ።

፪. እኔ «አንተ ውሸታም፣ ወንድ ከሆንክ ናና እናቴ ፊት ድገመው» ብዬ ስጽፍ ግን ያ ትዕግሥት በአንዴ አለቀ። ጽሑፌን ሰርዘው እኔንም አስወጡኝ። መቺውን ትቶ ጯኺውን መቅጣት ይቀላል፤ ጯኺው በገዛ ስሙ ስለሚጽፍ ፍለጋ አያደክምም።

፫. ቢሮዎ ጠርተው «ለስድብህ በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቅና እመልስሃለሁ፤ የእሱ እኮ አስተያየት ነው» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ግሩፑ ውስጥም አለች። ደንበኛ እየለካች ስልኳ ሲጮህ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ ያንን «አስተያየት» ደግማ ታነበዋለች። ከዚያ «ልጄ እኔ ሳላያት የሆነ ነገር ጠጥታ ይሆን እንዴ?» ትለኛለች። የሚነፋውን የአስም መድኃኒት እስከ መጨረሻው እህቴ አፍ ላይ ይዛላት የነበረችው ራሷ እናቴ ነበረች።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ያ ጽሑፍ እስኪጠፋ ድረስ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እለጥፋለሁ። ቢቀድዱት እንደገና እጽፈዋለሁ፤ የእጅ ጽሑፌም ይሻሻልበታል። ከትምህርት ቤት ላባርርህ ካሉም፣ አሥረኛ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ሁለተኛው ወንበር ላይ ያገኙኛል።

አንገቴን ዝቅ፣ ቃሌን ግን ቀና አድርጌ፣
የእህቴ ወንድም

ማስታወሻ፦ ካስወጡኝ በኋላ ደንብዎን እንዴት እንዳነበብኩ ሳይገርምዎ አይቀርም። እህቴን ማስወጣት ረስተዋል። ደንቡን ሲልኩ ስልኳ ከእናቴ ትራስ አጠገብ ጮኸ። በእሷ ስም ልመልስልዎ እችል ነበር። ሆኖም የራስ ባልሆነ ስም መጻፍ ነውር መሆኑን እሷው አስተምራኛለች፤ በእርስዎ ደንብ ውስጥ ግን ፈልጌ አጣሁት።