የሻጯ እናት ስንት ጊዜ ትሞታለች?

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የኮሜዲ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ፤ ጤናዎ እንደ ተመልካችዎ ይብዛልዎ። እኔ ባለቤቴ የሻረግ ዓምና ያረፈችብኝ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ የዳንግላ ሰው ነኝ። ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩትን ላስቀድም፦ በድራማችሁ ያቺ ሹመት የጠማት የውኃ ታንከር ሻጭ «እናቴ ዛሬ ሞተችብኝ» ብላ እያለቀሰች ስትሸጥ፣ እናቷም በበሩ ብቅ ስትል፣ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ፤ ያውም በሐዘን ቤት። ያ ሳቅ ዛሬ ይጸጽተኛል። ይሁንና ምስጋናዬ በተራ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ሴትዮዋን በየሳምንቱ ስለምትገድሉልን እናመሰግናለን። ይህን ያህል ሞታ ፍትሐት አላገኘችምና፣ የክርስትና ስሟን ቢልኩልኝ በቅዳሴ ላስጠራላት ፈቃደኛ ነኝ።

ሁለተኛ፦ ልጄ ሃና እንጅባራ፣ እኛ ቆሰበር በምንላት ከተማ፣ ቆርቆሮ መሸጫ ሱቅ ተቀጥራ ትሸጣለች። በጫግኒ ለሚከፈተው ሱቅ ኃላፊነትም ታጭታ ነበር። ለእናቷ ሙት ዓመት የቅዳሜን ፈቃድ ብትጠይቅ፣ የሻረግን የማያውቃት ባለሱቁ አቶ ይኸነው «አንቺም ለሹመት ብለሽ እናትሽን ገደልሻት?» አላት። ሚስማር ሲመርጥ የነበረ ገበሬ ሳይቀር «በሩን እዩ፣ አሁን ትገባለች!» ብሎ ሱቁን በሳቅ አናጋው። ፈቃዱ ቀረ፤ የጫግኒው ነገርም «እናስብበታለን» ተባለ። ማታ ደውላ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? ሥራውን ልተወው ነው» አለችኝ። ልጄን ያለ አንዳች ወጪ በአገር ስላሳወቁልኝ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?

ሦስተኛ፦ ማደግ የምትሻ ሴት ሁሉ የእንባ ነጋዴ መሆኗን ስላስተማሩን። ሃና ስሱን ቆርቆሮ «ስስ ነው» ብላ ነው የምትሸጠው፤ ይህ ስለማያስቅ ይመስለኛል ያላሳያችሁት።

እናት ያላትንም የሞተችባትንም በአንድ ሳቅ እኩል ላደረገው ጥበብዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ፍጹም አክባሪዎ፣
ገብረ ማርያም ምንይችል
ከዳንግላ

ይድረስዎ ዘንድ የተጨመረ፦ ልጄ መምጣት ስላልተፈቀደላት፣ ቅዳሜ የሙት ዓመቱን ዝክር በአገልግል ይዤ በሚኒባስ ቆሰበር ሄድኩ። ገበያተኛው በሞላበት፣ እዚያው ቆርቆሮው ክምር ላይ ዘረጋሁት። አቶ ይኸነው «አባቴ፣ እኛ እኮ ቀልድ መስሎን...» ሲል፣ «ብላ ጌታዬ፣ የእናቷ ነው» አልኩት። ሃና ራሷ ለእሱም ለገበያተኛውም አቀረበችላቸው። ቆመው፣ አቀርቅረው በሉ፤ «ነፍስ ይማር» አሉ። ለእርስዎ የሚሆን አልተረፈም፤ ይቅርታዎን።